የመንገድ ሐቅ፤ ስለ ነጂ ጠባይና ስለ ደካማው መንገደኛ ደኅንነት

ሰውን ከዐፈር ፈጥሮ በምድር ላይ በእግሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ላደረገው ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አቡ ሰዒድ አል ኹድሪይ አስተላልፈውት ቡኻሪና ሙስሊም በመዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው በመንገድ ዳር ከመቀመጥ እንዲጠነቀቁ አሳሰቡ። ባልደረቦቻቸውም ተገናኝተን የምንነጋገርበት ሌላ ስፍራ የለንም ብለው ቢያመለክቱ፣ እንግዲያስ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁም ዐይንን መስበር፣ ጉዳትን መከልከል፣ ሰላምታን መመለስ፣ በበጎ ማዘዝና ከክፉ መከልከል መሆኑን አስረዱ። ከነዚህም መካከል ዛሬ የምንማረው ሁለተኛውን ነው፤ ዐረቦች ‹ከፉል አዛ› የሚሉትን፣ ጉዳትን ከሰው ላይ መከልከልን።

በዚያን ዘመን የመንገድ ጉዳት የሚባለው እሾህ፣ ድንጋይ፣ ክፉ ዐይንና ክፉ ቃል ነበረ። ዛሬ ግን በመንገዱ ላይ ከሺህ ኪሎ የሚበልጥ ብረት በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ይበርራል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን አስታውቋል። ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት በብረት ቤት ውስጥ የተቀመጡት አይደሉም፤ እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆነውን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ አብልጦ የሚገድላቸው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው፤ ከሟቾቹም ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ውስጥ ነው። እንግዲህ መኪና የሌለው፣ መኪና ባለው እጅ ይሞታል ማለት ነው።

ስለ መኪና በሐዲስ ውስጥ ምን ተጽፎ ይገኛል የሚል ሰው ቢኖር፣ አቡ ሙሳ አል አሽዐሪይ ያስተላለፉትን ይመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ መካከል የሚያልፍ ሰው ከሙስሊሞች አንዱን እንዳይወጋ የቀስቱን ስለት በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ማንንም ሊወጋ አላሰበም። ከማንም ጋር ጠብ የለውም። መሣሪያውም የተፈቀደ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት ስፍራ ስለት ይዞ ስለሚሄድ፣ የመጠንቀቁ ግዴታ የወደቀው በባለ ቀስቱ ላይ ነው፤ በገበያተኛው ላይ አይደለም። ገበያተኛው ከቀስት ይሽሽ አልተባለም፤ ባለ ቀስቱ ስለቱን ይያዝ ተባለ እንጂ። የአውቶሞቢል ስለት ፍጥነቱ ነው። እጁም ፍሬኑ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት፣ በተለይም የሐነፊያ መዝሀብ ሰዎች፣ ከዚህ የመሰለውን ማስረጃ ሰብስበው አንድ ትልቅ መሠረት አኑረዋል። በሕዝብ መንገድ ማለፍ ለሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን የተፈቀደው የሌላው ደኅንነት በሚጠበቅበት ሁኔታ ነው አሉ። ስለ ባለ ፈረስም ሲፈርዱ፣ ፈረሱ እየሄደ ሳለ ሰው ቢጨፈልቅ ጋላቢው ይጠየቃል፤ በኋላ እግሩ ተራግጦ ቢመታ ግን አይጠየቅም፤ ከመጀመሪያው ለመጠበቅ ይችላል፣ ከሁለተኛው ግን ለመጠበቅ አይችልምና ብለዋል። ቀጥለውም ጋላቢው ፈረሱን በመንገድ ላይ ቢያቆመውና ፈረሱ ቢራገጥ፣ ለዚህም ይጠየቃል አሉ፤ አለማቆም ይችል ነበርና። መኪናውን በእግረኛ መሄጃ ላይ አቁሞ እግረኛውን ወደ አስፋልቱ መካከል የሚገፋ ሰው፣ በጥንት ዘመን የተጻፈው ፍርድ እርሱንም እንደሚነካው ይወቅ።

እንግዲህ ሰው ሳይጠላ እንዴት ይገድላል? ጎረቤቱን የሚወድ፣ ሰላቱን የሚሰግድ፣ ዘካውን የሚያወጣ ሰው መሪ ሲጨብጥ ለምን ሌላ ሰው ይሆናል? የዚህ ምክንያቱ በሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በነፍሱ ውስጥ ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት የደረሱበት ነገርና የቀድሞ ዑለማእ ስለ ነፍስ በሽታዎች የጻፉት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

የመጀመሪያው በሽታ ችኮላ ነው። ስለዚህ በሽታ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው እንደ ኃጢአት አይቆጥረውምና።

በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ዳርሊና ባትሰን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የክርስትና ሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ንግግር ታደርጋላችሁ ብለው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ላኩአቸው። ከተማሪዎቹም እኩሌቶቹ የሚናገሩት ስለዚያ በመንገድ ወድቆ ስለ ተገኘ ቁስለኛና ስለ ረዳው ደግ ሰው ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ተማሪዎች ከመቶው 63ቱ ቆመው ረዱት፤ መጠነኛ ችኮላ ከነበራቸው ከመቶው 45ቱ፤ ዘግይታችኋል፣ ሰዎች ይጠብቋችኋል ተብለው በጣም ከቸኮሉት ግን ከመቶው 10ሩ ብቻ። ስለ ርኅራኄ ሊናገሩ የሚሄዱ መሆናቸው ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ይህን የምጠቅሰው የሌላውን ሃይማኖት ተማሪዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ በኛ መድረሳ ተማሪዎችም ቢሞከር፣ ወደ ጁሙዓ ሲሮጡ የሚሆነውን አላህ ያውቃል። የምጠቅሰው ችኮላ ልብን ሳያከፋ ዐይንን እንደሚዘጋ ስለሚያሳይ ነው። የቸኮለ ሰው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውየውን አያየውም።

አሁን ደግሞ ወደ ዐረፋት እንመለስ። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ በስንብት ሐጅ ጊዜ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ሙዝደሊፋ ተነሣ። እግረኛ፣ ባለ ግመል፣ ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ በአንድ መንገድ ላይ ተጋፋ። ጃቢር እንደሚተርኩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስዋእ የምትባለውን ግመላቸውን ልጓም እጅግ ስበው ይዘዋት ስለ ነበር ራሷ ከኮርቻው ሊነካ ደርሶ ነበር፤ በቀኝ እጃቸውም ለሕዝቡ ርጋታን እያመለከቱ ይሄዱ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ ባስተላለፉትም፣ ከኋላቸው የግመል ዱላና የጩኸት ድምፅ በሰሙ ጊዜ፣ ጽድቅ በመጣደፍ እንደማይገኝ አስጠነቀቁ። ይህ የሆነው ሐጅን በመሰለ ዒባዳ ላይ ነው። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረው ነግረውናል፤ ገላጣ ስፍራ ሲያገኙ ፍጥነት ይጨምሩ ነበር። ስለዚህ እስልምና ፍጥነትን ራሱን አልከለከለም። ሰው በሌለበት ገላጣ መንገድ መፍጠን አለ፤ ሰው በተጋፋበት ልጓም መሳብ አለ። ይህን የመለየት ዕውቀት የሌለው ሰው ሌላው የመንዳት ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ነጂ ሊባል አይገባውም።

ለሰላት ኢቃማ ሲሰማ እንኳ ወደ መስጊድ በርጋታና በክብር እንድንሄድ፣ እንዳንሮጥ ታዘናል። ታዲያ በረመዳን ወር ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ለአንዲት ፍሬ ተምር ብለን በሰፈር ውስጥ እንደ ፈረስ ጉግስ የምንጋልበው በየትኛው ማስረጃ ነው? ፍጡርን ማፋጠን ሱና መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በመኪናችን ውስጥ ተምርና ውሃ ቢገኝ ሱናው በቆምንበት ይፈጸማል። እናቱ ላከችውና እርሾ ወይም ስኳር ሊገዛ በዚያው ሰዓት መንገድ የሚሻገር ሕፃን አለ።

ስለ ችኮላ ስንናገር የሚያስቸኩለውንም መዘንጋት የለብንም። የታክሲ ነጂ ማታ ማታ የተወሰነ ገቢ ለባለ ንብረቱ ካላስረከበ ከሥራው የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ነጂ የሚሮጠው በራሱ ነፍስ ብቻ አይደለም። ባለ ንብረቱ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እግሩ በነዳጅ መስጫው ላይ ነው። አላህ በኃጢአትና ወሰን በማለፍ መተባበርን ከልክሏል፤ ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ገቢ የሚቆርጥ ሰው ከዚህ ክልከላ ውጭ እንደሆነ ማስረጃ አላገኘሁም።

ሁለተኛው በሽታ ትዕቢትና ቁጣ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ በምድር ላይ በኩራት መሄድን ይከለክላል፤ በሱረቱል ፉርቃን ደግሞ የአዛኙን ባሮች ሲገልጽ መጀመሪያ የሚያነሣው በምድር ላይ በትሕትና መሄዳቸውን ነው፤ የሌሊት ሰላታቸውን የሚጠቅሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ መስተዋቱን ሲዘጋ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ሲያጣ፣ ውጭ ያለው ሰው ሰው መሆኑ ይጠፋበታል፤ መሰናክል ሆኖ ይታየዋል። በእግሩ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ እያለ የሚያልፈውን ሽማግሌ፣ በመኪና ሲሆን በጡሩንባ ያስበረግገዋል። ኦላ ስቬንሰን የተባለ የስዊድን ሊቅም በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት ነጂዎች የሚበዙት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ከመካከለኛው ነጂ የተሻሉ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ሁሉ ከመካከለኛው ሊበልጥ አይችልም! ዑለማእ ‹ዑጅብ› ያሉት፣ ሰው በራሱ መደነቁ፣ ይህ ነው። ለተቆጣ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት መድኃኒት ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ ነው፤ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ትርጓሜው ዳር ይዞ መቆም ይመስለኛል።

ሦስተኛው ዝንጋታ፣ በዐረብኛ ‹ገፍላ› የሚባለው ነው። ዐይን የሚያየውና ልብ የሚያስተውለው አንድ አይደሉም። ብዙ ነጂዎች ብስክሌተኛ ወይም እግረኛ ከገጩ በኋላ አላየሁትም ብለው ይምላሉ፤ ብዙዎቹም አይዋሹም። ዐይናቸው ወደዚያ ዞሮ ነበር፤ ልባቸው የሚፈልገው ግን ትልቁን፣ አስፈሪውን መኪና ስለ ነበር፣ ቀጭኑን ሰው ዐይናቸው እየነካው አለፈ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። የእጅ ስልኩን ለሦስት ሰከንድ የተመለከተ ነጂ 40 ሜትር ያህል መንገድ እንደ ዕውር ነዳ ማለት ነው። በስልክ የሚነጋገር ነጂ ከማይነጋገረው ይልቅ ለአደጋ አራት እጥፍ ያህል የተጋለጠ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። መልእክቱ የቁርኣን ጥቅስ ቢሆንም ልዩነት የለውም።

እንቅልፍም የዝንጋታ ታላቅ ወንድም ነው። ዓኢሻ (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ በሰላት ላይ የሚያንቀላፋ ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ ታዟል፤ ምሕረት የሚለምን መስሎት ራሱን ሊረግም ይችላልና። ምላሱን እንኳ እንዳያስት ከሰላት የተከለከለ እንቅልፋም፣ ጭነት መኪና ይዞ ሌሊቱን ሙሉ እንዲነዳ ማን ፈቀደለት? ጫት ያነቃኛል የሚል ነጂ አለ። ስለ ጫት ፍርድ ዑለማእ የተከራከሩበትን እዚህ ማንሣት አልሻም፤ ነገር ግን ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይከፍለውም፤ ዕዳው የሚጠየቀው ጎህ ሲቀድ፣ ልጆች በአስፋልት ዳር ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ ነው።

ደካማው መንገደኛ ማን እንደሆነ በስሙ ማወቅ ይገባል። ሕፃን ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ መኪና ኋላ አይታይም፤ የሚመጣውንም መኪና ፍጥነት ለመገመት አእምሮው ገና አልደረሰም፤ እኔ መኪናውን ካየሁት መኪናውም አይቶኛል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥን ልጅ ባለጌ ብሎ መስደብ የልጅነትን ጠባይ አለማወቅ ነው። ሽማግሌና አሮጊት እርምጃቸው ዝግ ይላል። በብዙ አገር የመሻገሪያ መብራት የሚለካው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው፤ ብዙዎች ሽማግሌዎች ግን ይህን ያህል አይራመዱምና መብራቱ ከመካከል ላይ ጥሏቸው ይለወጣል። ዐይነ ስውር የሚያየው በጆሮው ነው። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ድምፃቸው የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ ጢስ ባለመኖሩ አላህን እናመሰግናለን፤ ለዐይነ ስውር ግን ዱካው የማይሰማ አንበሳ ሆኖበታል። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው ስለ አንድ ዐይነ ስውር ሰው፣ ስለ ኢብኑ ኡሚ መክቱም መሆኑን የሚያውቅ ሙስሊም፣ ነጭ በትር ባየ ጊዜ ፍሬኑን ይያዝ። በገጠራችንም ከአስፋልቱ የተሻለ ደልዳላ መሄጃ ስለሌለ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ከብት የሚነዳ እረኛ፣ አህያና ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ። መንገዱ በነርሱ መንደር መካከል አለፈ እንጂ እነርሱ ወደ መንገዱ አልመጡም።

ግመል ነጂው አንጀሻ በዜማው ግመሎቹን ባስፈጠነ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግመሎቹ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች በብርጭቆ መስለው ቀስ እንዲል ነገሩት። ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስን ኢማም ሲያደርጓቸውም ሰላቱን በደካማው ዐቅም እንዲለኩት አዘዟቸው። የጀመዓው ልክ ጠንካራው ሳይሆን ደካማው ነው። የመንገድም ፍጥነት እንዲሁ በደካማው መለካት አለበት፤ እግረኛ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ቢገጭ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሱ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ግን የመትረፍ ተስፋው በቶሎ ይመነምናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

እግረኛውም ከግዴታ ነጻ አይደለም። አላህ በሱረቱል በቀራህ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ሰው ብቻውን ሲሆን ያልደፈረውን መንገድ፣ ሌሎች ሲሻገሩ አይቶ ሳይመለከት ይከተላል፤ ልብ ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን ራሷን ትረሳለችና። ሌሊት ጥቁር ለብሶ፣ ጀርባውን ለሚመጣው መኪና ሰጥቶ የሚሄድም አለ፤ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ ነጭ ጋቢ ቢደርብ ይሻለዋል። ባለ ሞተር ብስክሌቱም የራስ መከላከያውን በክንዱ አንጠልጥሎ አይሂድ፤ የተሠራው ለክርኑ አይደለም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ጥፋት እኩል አይደለም። እግረኛ ቢሳሳት የሚሞተው ራሱ ነው፤ ነጂ ቢሳሳት የሚሞተው ሌላው ነው።

አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል ቀደር ነው የሚለው ነው። በቀደር ማመን ከእምነት መሠረቶች አንዱ ነው፤ የሟች ቤተ ሰብ በዚህ ሲጽናና መልካም ያደርጋል። ገዳዩ ግን የተበላሸ ፍሬኑን በቀደር መሸፈን አይችልም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ወደ ሻም ሲጓዙ፣ በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ፣ ሰርግ በተባለው ስፍራ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው ሕዝቡን ይዘው ሊመለሱ ተነሡ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው ብለው ቢጠይቋቸው፣ አዎን፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ቀስ ብሎ መንዳትም የአላህ ቀደር ነው።

ስለ ፍርዱ ባጭሩ እንናገር። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩነይ በተቀመጠው 8ኛ ስብሰባው፣ ሸሪዓን የማይቃወሙ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን ወስኗል። ነጂውም በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን፣ ከዚህ የሚድነውም ሊከላከለው በማይችለው ኃይል የተነሣ ከሆነ፣ ወይም የአደጋው ብርቱ ምክንያት የተጎጂው ወይም የሦስተኛ ሰው ድርጊት ከሆነ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ሰው የሌለበት ስፍራ መስሎኝ ቀዩን መብራት ጣስሁ የሚል ሰው ሁለት ሕግ ጥሷል።

በጥፋቱ ሳያስበው ሰው የገደለ ነጂ በሱረቱን ኒሳእ እንደ ተደነገገው ሁለት ነገር አለበት፤ ለቤተ ሰቡ የደም ካሣና ለአላህ ከፋራ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፣ ሁለተኛውን ግን ይዘነጋል። ኢንሹራንስ ካሣውን ቢከፍል ከፋራውን አይጾምለትም። የሟች ቤተ ሰቦች ካሣውን ይቅር ቢሉ ለነርሱ የተገባ ነውና ይችላሉ፤ ከፋራው ግን የአላህ ሐቅ ስለሆነ ይቅር ለማለት ሥልጣን የላቸውም። ዛሬ ነጻ የሚወጣ ባሪያ ስለሌለ፣ የቀረው ሁለት ወር በተከታታይ መጾም ነው፤ ያለ ምክንያት አንድ ቀን ያፈረሰ ሰው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሟቹ ሙስሊም ባይሆንም ከሙስሊሞች ጋር በቃል ኪዳን የሚኖር ከሆነ ካሣውም ከፋራውም አይቀርም። በአንድ አደጋ ሁለት ሰው የገደለ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ወር ይጾማል። ሁለት ነጂዎች ተጋጭተው በሁለቱም ጥፋት አንድ እግረኛ ቢሞት፣ ካሣው እንደ ጥፋታቸው መጠን ይከፈላል፤ ከፋራው ግን እንደ ብዙዎቹ ዑለማእ አስተያየት አይከፈልም፤ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ሁለት ወር ይጾማሉ። አላህ የበለጠ ያውቃል።